ጅረቱ በየት በኩል ይመለሳል? የማይክሮኮንትሮለሮችንና የሰርኪዩት ቦርዶችን ኤሌክትሮማግኔቲክ ልቀት ስለመቀነስ የቀረበ ዳሰሳ

ማይክሮኮንትሮለር ያለበት ዕቃ ሁሉ፣ ሠሪው አሰበበትም አላሰበበትም፣ ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ነው። በልብስ ማጠቢያው፣ በመኪናው ዳሽቦርድ ወይም በኤሌክትሪክ ቆጣሪው ውስጥ ያለው ቺፕ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜያት ከ0 ወደ 1፣ ከ1 ወደ 0 ይቀያየራል። በተቀያየረ ቁጥር ጅረት ይንቀሳቀሳል፤ ጅረት በተለዋወጠ ቁጥር ደግሞ ሞገድ ይወጣል። በ8 ሜጋኸርዝ የሰዓት ምት የሚሠራ ቺፕ በ8 ላይ ብቻ አይሰማም፤ በ16፣ በ24፣ በ32 እያለ በብዜቶቹ ሁሉ ይሰማል። ከብዜቶቹ መካከል 88፣ 96 እና 104 በኤፍ ኤም ሬዲዮ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ፤ መካከለኛው ከአዲስ አበባው ኤፍ ኤም 96.3 አጠገብ ነው።

ይህ ልቀት እንዴት ይቀነሳል በሚለው ላይ ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ተጽፏል። አብዛኛው የተላለፈው ግን በደንብ መልክ ነው፦ «ካፓሲተሩን አስጠጋ»፣ «ግራውንዱን ለያይ»፣ «ግራውንዱን እንዳትለያይ»። እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ደንቦች ጎን ለጎን የሚኖሩት እያንዳንዱ ደንብ የተወለደበት ቦርድ ስለተረሳ ይመስለኛል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ወደ መነሻቸው እየመለሱ ማየት ይጠቅማል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሞተር ብልጭታ እስከ ቤት ኮምፒውተር

የሬዲዮ ረብሻ ከዲጂታል ቺፕ በዕድሜ ይበልጣል። ጉዳዩን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ሲስፕር በ1934 ፓሪስ ላይ ሥራ ሲጀምር ተከሳሾቹ የኤሌክትሪክ ሞተሮችና የመኪና ካንዴላዎች ነበሩ፤ ከሳሹ ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ ኤኤም ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው። ያ መነሻ ዛሬም አልለቀቀንም። «ኳዚ ፒክ» የሚባለው የመለኪያ ንባብ የተቀረጸው ረብሻው የአድማጩን ጆሮ ምን ያህል እንደሚያሰለች እንዲገምት ነው። አልፎ አልፎ የሚሰማ ጠቅታ ያለማቋረጥ ከሚንጫጫ ድምፅ ያነሰ ቁጥር ያገኛል።

ዲጂታል መሣሪያ ወደ ቤት ሲገባ መልኩ ተለወጠ። በ1975 ስቲቭ ዶምፒየር የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያው የሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ ስብሰባ ላይ አልቴር 8800 ኮምፒውተሩን ከትንሽ ሬዲዮ አጠገብ አስቀምጦ ሙዚቃ አሰማ። ኮምፒውተሩ የድምፅ ማውጫ አልነበረውም። ፕሮግራሙ በባዶው ይዞራል፤ የዙሩ ርዝመት ሲለዋወጥ ከቦርዱ የሚወጣው ልቀት ቃናውን ይቀይራል፤ ሬዲዮው ያንን ይይዛል። በዚያ አዳራሽ ያስጨበጨበው ነገር ቴሌቪዥን ለሚያይ ጎረቤት መከራ ለመሆን ብዙ ዓመት አልፈጀበትም።

የ1977ቱ አፕል 2 ከቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኘው ሞዱሌተር ሳይኖረው ነው ለገበያ የቀረበው። አብሮ ቢሸጥ የአሜሪካን የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የኤፍሲሲን ፈቃድ ማግኘት ስለሚያዳግት ሞዱሌተሩን ሌላ ድርጅት ለብቻው ይሸጠው ነበር። አታሪ 400 እና 800 የተባሉት ኮምፒውተሮች ቀልጦ በተቀረጸ ወፍራም አሉሚኒየም ተሸፈኑ። ኤፍሲሲ በ1979 ለኮምፒውተር መሣሪያዎች የልቀት ገደብ ደነገገ፤ ደንቡን የማያሟላው ቲአርኤስ-80 ሞዴል 1 የተባለ ኮምፒውተር ከ1981 መጀመሪያ ጀምሮ ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። በአውሮፓ በኩል ሲስፕር 22 የተባለው መስፈርት በ1985 ታተመ፤ የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1989 ያወጣው መመሪያም ከ1996 ጀምሮ አስገዳጅ ሆነ።

ቁጥሮቹን ማወቅ ለቀጣዩ ሐሳብ ያስፈልጋል። ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ ዕቃ በአሜሪካው ደንብ በ3 ሜትር ርቀት ሲለካ ከ30 እስከ 88 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ከ100 ማይክሮቮልት በሜትር፣ እስከ 216 ከ150፣ እስከ 960 ከ200 እንዳይበልጥ ታዟል።

ሁለት ዓይነት ጅረት

በዚህ መስክ ከሁሉ የበለጠ አስተሳሰብን የለወጠው ልዩነት በዲፈረንሻል ሞድና በኮመን ሞድ ጅረት መካከል ያለው ነው። ዲፈረንሻል ሞድ የሚባለው ዲዛይነሩ ያሰበው ጅረት ነው፦ በመስመሩ ይሄዳል፣ በግራውንዱ ይመለሳል፣ የሄደውና የተመለሰው እኩልና ተቃራኒ ናቸው። ኮመን ሞድ ማንም ያላሰበው ነው። ከቦርዱ የሚወጡት ገመዶች ሁሉ በአንድነት፣ በአንድ አቅጣጫ ይሸከሙታል፤ መመለሻውም በአየር በኩል ነው። ገመዱ ያኔ ገመድነቱ ቀርቶ አንቴና ይሆናል።

ክሌይተን ፖል በ1989 ያሳተመው ጥናት የሁለቱን ድርሻ ሲያነጻጽር ሚዛኑ በግልጽ ወደ ኮመን ሞድ አጋደለ። ስሌቱን ማንም ሊደግመው ይችላል። በ50 ሜጋኸርዝ፣ 1 ሜትር ርዝመት ባለው ገመድ ላይ 5 ማይክሮአምፔር ኮመን ሞድ ጅረት ቢሄድ በ3 ሜትር ርቀት ላይ 105 ማይክሮቮልት በሜትር ገደማ ይፈጥራል፤ ከገደቡ በላይ ነው። ያንኑ ያህል ልቀት 4 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ካለው የቦርድ ዙር ለማግኘት 12 ሚሊአምፔር ያህል ዲፈረንሻል ጅረት ያስፈልጋል። ልዩነቱ ከሁለት ሺህ እጥፍ በላይ ነው።

ይህ ግን ቦርዱን ነፃ አያወጣውም። ኮመን ሞዱን የሚገፋው ቦርዱ ላይ ያለው ዲፈረንሻል ጅረት ነውና። የያኔው የሚዙሪ ሮላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከነሱም ቶድ ሁቢንግና ጄምስ ድሩኒያክ፣ በ1990ዎቹ መንገዶቹን ለይተው አሳዩ። በአንደኛው፣ ጅረቱ በግራውንዱ ሲመለስ በግራውንዱ ሁለት ጫፎች መካከል ጥቂት ሚሊቮልት ልዩነት ይፈጥራል፤ ያ ልዩነት በሁለቱ ጫፎች ላይ የተሰኩትን ገመዶች እንደ ዳይፖል አንቴና ያንቀሳቅሳል። በሌላው፣ ቮልቴጁ የሚለዋወጥ አንድ ብረት፣ ለምሳሌ የሙቀት ማቀዝቀዣ፣ ከገመዱ ጋር በኤሌክትሪክ መስክ ይጣመራል። መድኃኒቶቹ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያውን የሚፈውሰው ለሁለተኛው ምንም ላይረባ ይችላል። የመስኩ ብዙ ክርክር የሚነሣው ሰዎች የትኛውን እንደሚያወሩ ሳይለዩ ስለሚነጋገሩ ነው።

ከቺፑ መጀመር

ልቀትን ከምንጩ ማድረቅ የሚሉት ወገኖች ጥያቄያቸው ቺፑ ላይ ነው። የተለመደው ስሕተት የሰዓት ምቱን ብቻ ማየት ነው። ብዜቶቹ እስከ የት እንደሚደርሱ የሚወስነው ግን ምልክቱ ከ0 ወደ 1 ለመሸጋገር የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ሽግግሩ 10 ናኖሰከንድ ከፈጀ ከ32 ሜጋኸርዝ ገደማ በኋላ ብዜቶቹ በፍጥነት ይደክማሉ፤ 1 ናኖሰከንድ ከፈጀ ግን እስከ 318 ሜጋኸርዝ ድረስ ጉልበታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። በ1 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚቀያየር ፒን ሽግግሩ ፈጣን ከሆነ የቴሌቪዥን ክልል ድረስ ይሰማል።

ስለዚህም ዛሬ ብዙ ማይክሮኮንትሮለሮች የፒኖቻቸውን ፍጥነት በሶፍትዌር ያስመርጣሉ። በአብዛኞቹ የኤስቲኤም32 ቺፖች ለእያንዳንዱ ፒን ሁለት ቢት ተመድቧል፤ ከዝግተኛ እስከ በጣም ፈጣን አራት ደረጃ አለ። መብራት ለሚያበራ ፒን ፈጣኑን የመረጠ ሰው የማያስፈልገውን ልቀት በፈቃዱ ገዛ ማለት ነው። በ8051 ቤተሰብ የድሮ ምሳሌ አለ፦ ኤኤልኢ የተባለው ፒን፣ ውጫዊ ማኅደረ ትውስታ ቢኖርም ባይኖርም፣ በኦሲሌተሩ አንድ ስድስተኛ ፍጥነት ሲመታ ይውላል፤ በ12 ሜጋኸርዝ ክሪስታል 2 ሜጋኸርዝ ማለት ነው። እንደ ኤቲ89ኤስ52 ያሉት ተከታዮች አንዲት ቢት በመጻፍ ዝም እንዲል ያደርጉታል። አንድ የፕሮግራም መስመር፣ ወጪው ዜሮ።

የፒን አቀማመጥም የራሱ ታሪክ አለው። ኢንቴል በ1980 ያወጣው 8051 ግራውንዱ በ20ኛው፣ ኃይሉ በ40ኛው ፒን ላይ ነው፤ በአምስት ሴንቲሜትር ቺፕ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ማለት ነው። የኃይል ጅረቱ መላውን ቺፕ ያካለለ ዙር ይሠራል፤ ካፓሲተሩን የትም ብታስቀምጡት ዙሩ አይጠብም። ከአትሜል ቺፖች ኤቲሜጋ8515 ይህንኑ አቀማመጥ ወርሷል፤ ኤቲሜጋ16 ግን ኃይሉን በ10ኛው፣ ግራውንዱን በ11ኛው ፒን፣ ጎን ለጎን አስቀምጧል። ሁለቱም 40 እግር ያላቸው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ምንጩን የማስተካከል መንገድ ድካሙ ዲዛይነሩ ሲሊከኑን አለመቆጣጠሩ ላይ ነው። የቺፕ አምራች በአዲስ፣ በረቀቀ ሂደት ያንኑ ቺፕ በዚያው ስም ሲያመርት ሽግግሮቹ ይፈጥናሉ። ትናንት ፈተና ያለፈ ቦርድ ምንም ሳይነካ ዛሬ ሊወድቅ ይችላል።

ግራውንድ፦ ይከፈል ወይስ አይከፈል?

ከዚህ በላይ ያነታረከ ነጥብ በመስኩ የለም። የአናሎግ ባለሙያዎች ወግ ግራውንዱን ለሁለት ከፍሎ፣ አናሎጉን ከዲጂታሉ ለይቶ፣ በአንድ ነጥብ ብቻ ማገናኘት ነበር። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። በዝቅተኛ ድግግሞሽ የመመለሻ ጅረት በግራውንድ ንጣፉ ላይ ይበተናል፤ የሞተር ጅረት በስሱ የድምፅ ማጉያ ሥር ሊያልፍ ይችላል።

ከጥቂት መቶ ኪሎኸርዝ በላይ ግን ጅረቱ ሌላ ጠባይ ያሳያል። የሚመርጠው ትንሹን ኢንደክታንስ ስለሆነ ከመስመሩ ሥር ተለጥፎ ይመለሳል። ንጣፉን የከፈለው ክፍተት ላይ አንድ ፈጣን መስመር ቢሻገር ጅረቱ መመለሻ አጥቶ በዙሪያ ይሄዳል፤ ዙሩ ይሰፋል፤ በሁለቱ ግራውንዶች መካከል የሚፈጠረው ቮልቴጅ ደግሞ ከላይ ያየነውን ዳይፖል ይገፋል። በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ሄንሪ ኦት በ2001 የጻፈው ጽሑፍ ነገሩን በግልጽ አስቀመጠ፦ ንጣፉ አንድ ይሁን፣ የሚከፋፈለው የክፍሎቹ አቀማመጥና የመስመሮቹ ጉዞ ይሁን። ዛሬ አብዛኛው የኤሌክትሮማግኔቲክ ተስማሚነት (ኢኤምሲ) ባለሙያ ከዚህ ጋር ነው፤ እኔም ማስረጃው ወደዚህ ያደላል እላለሁ። ቢሆንም ከፍተኛ ቮልቴጅን ከሰው ለመለየት ወይም ትልልቅ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ጅረቶችን ለማራቅ መክፈል ግድ የሚሆንበት ቦርድ አለ። ስሕተቱ የዚያን ቦርድ ደንብ ወደ ማይክሮኮንትሮለር ቦርድ መገልበጥ ነው።

ንጣፉ ከመስመሩ ምን ያህል ይርቃል የሚለውም ከመከፈሉ አያንስም። በተለመደው 1.6 ሚሊሜትር ባለሁለት ንብርብር ቦርድ መስመሩና ግራውንዱ በዚያው ውፍረት ይራራቃሉ። በባለአራት ንብርብር ቦርድ ርቀቱ ወደ 0.2 ሚሊሜትር ሊወርድ ይችላል። ዙሩ ስምንት ጊዜ ይጠባል፣ ልቀቱም ከሌላው ሁሉ በፊት 18 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ይህን የሚያህል ውጤት በፌራይትና በሽፋን ለማግኘት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል።

ግን በብዛት የሚመረት ርካሽ ዕቃ አሁንም በሁለት ንብርብር ይሠራል፤ ምክር የሚያሻውም እሱ ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1999 ካወጣው መመሪያ ጀምሮ የሚሰጠው መልስ በቺፑ ሥር ያልተቆራረጠ የግራውንድ ደሴት መሥራት፣ በቀረው ቦርድ ላይ ደግሞ ግራውንዱን በሁለቱ ገጾች እያጠላለፉ መረብ ማድረግ ነው። ባዶ ቦታን በመዳብ መሙላት ብቻውን ግን ለዓይን እንጂ ለጅረቱ አይጠቅምም። ከግራውንድ ጋር በአንድ ነጥብ ብቻ የተያያዘ የመዳብ ቁራጭ ራሱ አንቴና ሊሆን ይችላል።

ካፓሲተር፦ ስንት፣ የት፣ ስንት ዓይነት?

«በእያንዳንዱ የኃይል ፒን አጠገብ 100 ናኖፋራድ» የሚለውን የማያውቅ የለም። 100 ናኖፋራዱ ከነእግሩና ከነቀዳዳው 1 ናኖሄንሪ ያህል ኢንደክታንስ ካለው ሬዞናንሱ 16 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የሚሠራው እንደ ኢንደክተር ነው፤ በ100 ሜጋኸርዝ 0.6 ኦም ይሆናል። ስለዚህ በከፍተኛው ክልል ወሳኙ የካፓሲተሩ ዋጋ ሳይሆን የተገጠመበት መንገድ አጭርነት ነው።

አንዱ ወገን 100 ናኖ፣ 10 ናኖ፣ 1 ናኖ እያደረጋችሁ ደርድሩ፣ እያንዳንዱ የራሱን ክልል ይይዛል ይላል። ሌላው፣ አንድ ዓይነት ዋጋ ያላቸውን አብዙ ይላል። የሁለተኛው መከራከሪያ ስሌት ነው፦ ከላይ ያለው 100 ናኖፋራድ ከ1 ናኖፋራድ ጎን ሲቆም አንዱ እንደ ኢንደክተር፣ ሌላው እንደ ካፓሲተር በሚሠሩበት በ112 ሜጋኸርዝ አካባቢ እርስ በርስ ሬዞናንስ ይፈጥራሉ፤ እዚያ ላይ ሁለቱ አብረው ከአንዱ ብቻ የባሱ ይሆናሉ። የቺፑ ብዜት እዚያው ከወደቀ ረብሻው ይጎላል። የመጀመሪያው ወገን መልስም አለው፦ በካፓሲተሮቹና በንጣፎቹ ውስጥ ያለው ብክነት ጉብታውን ስለሚያለዝበው በተግባር የሚፈራውን ያህል አይደለም። በቦርዱ ላይ የተመሠረተ ክርክር ነውና በአንድ ቃል አይዘጋም።

«የት» የሚለውም እንደዚያው ነው። የሚዙሪ ሮላው ቡድን በ1995 ባሳተመው ጥናት የኃይልና የግራውንድ ንጣፎች ተጠጋግተው በተሠሩበት ባለብዙ ንብርብር ቦርድ የካፓሲተሩ ቦታ ያን ያህል ወሳኝ አለመሆኑን አሳየ። ይህን አንብቦ በባለሁለት ንብርብር ቦርድ ላይ ካፓሲተሩን ያራቀ ሰው ግን ይጎዳል፤ እዚያ እያንዳንዱ ሚሊሜትር ይቆጠራል።

ሃያ ኤች

የኃይል ንጣፉን ጠርዝ ከግራውንዱ ጠርዝ በሁለቱ መካከል ካለው ርቀት (ኤች) ሃያ እጥፍ ወደ ውስጥ መሳብ ልቀትን ይቀንሳል የሚለው ደንብ በሥልጠና መጻሕፍት ለዓመታት ተደግሟል። በ2000ዎቹ በስሌትና በልኬት ሲፈተሽ ጥቅሙ ትንሽ ወይም የለም ሆነ፤ በአንዳንድ ሁኔታዎች ልቀቱን ጨምሯል። ደንቡ አሁንም በማረጋገጫ ዝርዝሮች ላይ ይታያል።

የሰዓት ምትን መበተን፦ መቀነስ ነው ወይስ መደበቅ?

በ1994 ኪት ሃርዲንና የሌክስማርክ ባልደረቦቹ የሰዓት ምቱን ድግግሞሽ ቀስ እያሉ ወደ ላይና ወደ ታች የማወዛወዝ ዘዴ አቀረቡ። በአንድ ነጥብ ላይ የተከመረው ጉልበት ሰፋ ባለ ክልል ላይ ይበተናል። ዛሬ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሰዓት ምቱን እስከ 0.5 በመቶ ወደ ታች፣ በ30 እና በ33 ኪሎኸርዝ መካከል በሆነ ፍጥነት ማወዛወዝን ይፈቅዳል። በ100 ሜጋኸርዝ 0.5 በመቶ 500 ኪሎኸርዝ ነው፤ የፈተናው መቀበያ ደግሞ 120 ኪሎኸርዝ ስፋት ብቻ ነው የሚያየው። በግምት 6 ዲሲቤል ይተርፋል፤ በአምስተኛው ብዜት ደግሞ 13 ያህል።

ተቃውሞው ግልጽ ነው፦ ከዕቃው የሚወጣው ጠቅላላ ጉልበት አልቀነሰም፤ የተታለለው መለኪያው ነው። ደጋፊዎች ጠባብ ክልል የሚያዳምጥ ሬዲዮ እንደ መለኪያው ሁሉ የሚደርሰውን ድርሻ ብቻ ነው የሚሰማው ሲሉ ይመልሳሉ። ሁለቱም እውነት የሚሆኑት ተጎጂው እየተለየ ነው። ለጠባብ ሬዲዮ ዘዴው ይጠቅማል። ብዙ ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው ዲጂታል ተቀባይ ግን የተበተነውን ሁሉ ይሰበስበዋል፤ ለሱ የተለወጠ ነገር ጥቂት ነው። እኔ ዘዴውን ከቦርዱ ሥራ በኋላ የሚጨመር እንጂ የሚተካው አድርጌ አላየውም።

ምን ይለካል?

ለቺፕ ብቻ የተዘጋጀው አይኢሲ 61967 የተባለው የመስፈርት ቤተሰብ ቺፑን በ10 በ10 ሴንቲሜትር ቦርድ ላይ አስቀምጦ ቴም ሴል በተባለ የመለኪያ ክፍል ውስጥ ይለካል፤ ሌሎች ክፍሎቹ በቺፑ ገጽ ላይ መስኩን ይቃኛሉ ወይም በፒኖቹ የሚወጣውን ጅረት ይለካሉ። ሁለት ቺፖችን ለማወዳደር ጥሩ ነው። ያ ቁጥር ወደ ምርቱ የመጨረሻ ፈተና እንዴት ይተረጎማል የሚለው ግን አልተፈታም፤ የገመዱ ርዝመትና የቦርዱ ቅርጽ መሐል ይገባሉና። የራሱ የፈተና ክፍል ለሌለው ዲዛይነር ከሁሉ የሚጠቅመው የገመድ ላይ ጅረት መቆንጠጫ ነው፤ 5 ማይክሮአምፔር የምትለውን ወሰን ይዞ ገመድ በገመድ መፈተሽ ይችላል።

የገደቦቹ ወሰን ራሱም ያነጋግራል። ለመረጃ ቴክኖሎጂ ዕቃዎች በአየር የሚወጣ ልቀት የሚለካው ከ30 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ነው፤ ከ150 ኪሎኸርዝ እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል የሚለካው በኃይል ገመዱ በኩል የሚወጣው ነው። አጭር ሞገድ በሙሉ በዚህ ክልል ውስጥ ነው። የዶይቼ ቬለን የአማርኛ ሥርጭት በአጭር ሞገድ ለሚከታተል ሰው ከጎረቤት ዕቃ በአየር የሚመጣው ረብሻ በዚህ ደንብ ገደብ የለውም። በተግባር የኃይል ገመዱ ገደብ በተዘዋዋሪ ይከላከልለታል፤ ግን ሌላ ረጅም ገመድ ያለው ዕቃ ሲሆን መከላከያው ይሳሳል።

ተጎጂው በዚያው ቦርድ ላይ ሲሆን

እስካሁን ያለው ሁሉ የተሠራው ለጎረቤት ነው። ዛሬ ማይክሮኮንትሮለሩና ሬዲዮው አንድ ቦርድ፣ አንዳንዴም አንድ ሲሊከን ላይ ናቸው። የጂፒኤስ ምልክት በ1575.42 ሜጋኸርዝ ወደ መሬት ሲደርስ ከአንድ ዋት በአሥር ሺህ ትሪሊዮን እጅ ያነሰ፣ ማለትም ወደ 130 ዲሲቤል ከሚሊዋት በታች ነው። የ25 ሜጋኸርዝ ክሪስታል 63ኛ ብዜት 1575 ላይ ይወድቃል። የኤፍሲሲ ገደብ በዚያ ክልል በ3 ሜትር 500 ማይክሮቮልት በሜትር ነው፤ ይህ 75 ናኖዋት ከሚያሰራጭ አንቴና ጋር እኩል ነው፣ ከጂፒኤሱ ምልክት ከ700 ሚሊዮን እጥፍ በላይ። አንቴናው ሴንቲሜትሮች ብቻ ርቆ ተቀምጧል። ፈተናውን በምቾት ያለፈ ዕቃ የራሱን ጂፒኤስ ሊያሳውር ይችላል።

ለዚህ ምንም የሕግ ገደብ የለም፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ገደብ ያወጣል፣ ይደብቀዋልም። ከቺፕ አምራቾች የሚያስፈልገው የቺፑን ገጽ የመስክ ካርታ ከዳታሺቱ ጋር ማውጣት ነው። መለኪያው በአይኢሲ 61967 ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ ማንም ግን አያስገድድም። ካርታው ቢታተም እንኳ ሂደቱ በረቀቀ ቁጥር አብሮ መታደስ ይኖርበታል፤ ይህን ወጪ የቺፕ አምራቹ ይሸከመው ወይስ ቦርዱን የሚሠራው በሚለው ላይ እስካሁን ስምምነት የለም።